በፖስታ የተማረው ሠዓሊ፦ ቪንሰንት ቫን ጎግ

በትምህርት ቤታችን የመታሰቢያ መጽሔት ላይ የአንድ ታላቅ ሰው የሕይወት ታሪክ እንድንጽፍ ፈቃድ በተሰጠን ጊዜ፣ እኛ ሥዕል የምንወድ ተማሪዎች ተሰብስበን ማንን እንምረጥ ብለን ተማከርን። አንዳንዶቻችን የጦር ጀግና፣ አንዳንዶቻችንም የሳይንስ ሊቅ ይሁን ብንልም፣ በመጨረሻ የተስማማነው በሆላንዳዊው ሠዓሊ በቪንሰንት ቫን ጎግ ላይ ነው። ስሙ ለአንባቢዎቻችን እንግዳ አይደለም። ጆሮውን በምላጭ መቁረጡን፣ በችግር ኖሮ በችግር መሞቱን፣ ሥዕሎቹም ዛሬ ለማመን በሚያስቸግር ዋጋ መሸጣቸውን ያልሰማ ጥቂት ነው። ይህ ግን ብዙ ጊዜ ስለ ተነገረ እኛ በእርሱ ላይ አንዘገይም። ልንጽፍ ያሰብነው ይህ ሰው ሥዕልን እንዴት እንደ ተማረ ነው። ቫን ጎግ ሥዕልን በደንብ መማር የጀመረው መምህር በሌለበት በአንድ የድንጋይ ከሰል መንደር ውስጥ፣ ዕድሜው 27 ዓመት ከሆነ በኋላ፣ ፖስታ በሚያመጣለት ወረቀት ነበረ። በተልእኮ ትምህርት እንደሚማር ተማሪ ነው ለማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ ስሙን የመዘገበ፣ ውጤትም የሚሰጠው ትምህርት ቤት አለመኖሩ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

ቪንሰንት የተወለደው ማርች 30 ቀን 1853 ዓ.ም. በሆላንድ አገር በስተ ደቡብ፣ በብራባንት አውራጃ፣ ዙንደርት በምትባል መንደር ነው። አባቱ ቴዎዶሩስ የፕሮቴስታንት ቄስ ነበሩ። እናቱ አናም በውሃ ቀለም አበባ መሣል ያውቁ ነበር። በ1857 ወንድሙ ቴዎ ተወለደ። የዚህን ታናሽ ወንድም ስም አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ያለ እርሱ የምንጽፈው ታሪክ አይኖርም ነበርና።

ልጁ 13 ዓመት ሲሆነው ቲልቡርህ በተባለ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገባ። በዚያም ሥዕል የሚያስተምሩት ሄውስማንስ የሚባሉ፣ ስለ ሥዕል ትምህርት መጽሐፍ የጻፉ ስመ ጥር መምህር ነበሩ። ነገር ግን ቪንሰንት በ1868 ትምህርቱን ሳይጨርስ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሲወለድ ጀምሮ ሊቅ ነበረ የሚሉ ሰዎች በልጅነቱ ዘመን ብዙ ማስረጃ የሚያገኙ አይመስለንም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዐሥራ ሁለት ዓመታት አንዱን ጀምሮ ሳይጨርስ ሌላውን የያዘባቸው ዓመታት ናቸው። በ1869 በ16 ዓመቱ ጉፒል በሚባለው የሥዕል ንግድ ቤት በሔግ ከተማ ተቀጠረ፤ አጎቱ የዚያ ንግድ ሸሪክ ነበሩ። ንግድ ቤቱ ወደ ሎንዶን፣ ቀጥሎም ወደ ፓሪስ ላከው፤ በ1876 ግን ከሥራው ተሰናበተ። በእንግሊዝ አገር ለጥቂት ጊዜ ልጆች አስተማረ። በሆላንድ በመጽሐፍ መሸጫ ሠራ። እንደ አባቱ ቄስ ለመሆን አምስተርዳም ሄዶ የላቲንና የግሪክ ቋንቋ ሲያጠና ከአንድ ዓመት በኋላ ተወው። በብሩክሴል አጠገብ ባለው የወንጌል ሰባኪዎች ትምህርት ቤትም ሦስት ወር ቆይቶ አልተሳካለትም። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ የቈጠርነው ለማሳጣት አይደለም፤ በኋላ እርሳስ በያዘ ጊዜ ከኋላው ምን ዓይነት ሸክም እንደ ነበረበት እንዲታወቅ ነው።

በ1878 መጨረሻ ወደ ቤልጅግ አገር ወደ ቦሪናዥ ሄደ። ቦሪናዥ የድንጋይ ከሰል የሚቈፈርበት አገር ነው። በ1879 መጀመሪያ ዋም በሚባል መንደር ለስድስት ወር በሰባኪነት ተሾመ። በአፕሪል ወር ፍራምሪ በተባለው ሰፈር ባለ ጕድጓድ ውስጥ ጋዝ ፈንድቶ ከመቶ የሚበልጡ ሠራተኞች አለቁ። ቪንሰንት ልብሱን ለድኾች አደለ፤ በጎጆ ውስጥ በገለባ ላይ ተኛ፤ የታመሙትንም አስታመመ። የላኩት ሰዎች ግን የንግግር ስጦታ የለውም ብለው ሹመቱን ሳያድሱለት ቀሩ። ይባስ ብሎ ከቴዎ ጋር ስለ ኑሮው ተነጋግረው በሐሳብ ስላልተስማሙ፣ ወደ አንድ ዓመት ገደማ ሁለቱ ወንድማማቾች አልተጻጻፉም። ኩዌም በምትባል ሌላ መንደር በአንድ የከሰል ቈፋሪ ቤት ተጠግቶ ይኖር ጀመር። ሥራ የለው፣ ገንዘብ የለው፣ ቤተሰቡም ምን እንደሚያደርጉት ጨነቃቸው።

በ1880 ክረምት ሊወጣ ሲል በእግሩ ወደ ፈረንሣይ አገር ተጓዘ። ኩሪዬር በምትባል ከተማ ዡል ብረቶን የሚባል የገበሬዎችን ኑሮ የሚሥል የታወቀ ሠዓሊ ይኖር ነበርና የሥራ ቤቱን ለማየት ፈለገ። ደረሰም፤ ነገር ግን አዲሱን የጡብ ቤት ከውጭ አይቶ በሩን ለማንኳኳት ሳይደፍር ተመለሰ። በመንገድ ላይ ገንዘቡ አልቆበት በሜዳ አደረ፤ በከረጢቱ የያዛቸውንም ጥቂት ሥዕሎች በዳቦ ለወጠ። እንደ ገና እርሳሱን ለማንሣት ቍርጥ ሐሳብ ያደረገው በዚያ መከራ መካከል መሆኑን በኋላ ለወንድሙ ጽፎለታል። ለእኛ ይህ ነገር እጅግ የሚያስደንቅ ነው። መምህር ፍለጋ ሄዶ ከመምህሩ በር ተመለሰ፤ ትምህርቱ ግን ከዚያ ቀን ጀመረ።

በዚያ ዓመት በጋ ቴዎ 50 ፍራንክ በአባታቸው በኩል ስለ ላከለት ቪንሰንት ምስጋና ለማቅረብ ረጅም ደብዳቤ ጻፈ፤ ዝምታውም ፈረሰ። ወዲያውም የሥዕል ትምህርት መሣሪያ በፖስታ መለመን ጀመረ። ቴዎ በዚያን ጊዜ በፓሪስ በጉፒል ቤት ይሠራ ነበር። የፈረንሣዊው ሠዓሊ የሚሌ ሥራዎች፣ ይኸውም የሚያጭዱ፣ የሚወቁ፣ የሚፈትሉና በግ የሚሸልቱ ገበሬዎች፣ በኅትመት የወጡበትን ወረቀት እንዲልክለት ለመነው። በሔግ የጉፒል ቤት ሹም ለነበረው ለቀድሞ አለቃው ለቴርስቴግም ጻፈ። ቴርስቴግ የላከለት የሻርል ባርግን የሥዕል ትምህርት ነበረ። እንግዲህ ከሥራ ያሰናበተው ንግድ ቤት ያሳተመው መጽሐፍ የመጀመሪያ መምህሩ ሆነ ማለት ነው።

ስለዚህ ትምህርት ጥቂት ማብራራት ይገባናል። ባርግ ከታወቀው ሠዓሊ ከዤሮም ጋር ሆኖ ያዘጋጀው ይህ ሥራ ከ1866 እስከ 1871 ባለው ጊዜ ታትሞ የወጣ፣ 197 ትልልቅ የሥዕል ገጾች ያሉበት ነው። ክፍሉም ሦስት ነው። በመጀመሪያው 70 ገጾች የጀሶ ቅርጾች፣ ማለት እጅ፣ እግር፣ ጆሮ፣ የሰው ራስ ተሥለዋል። በሁለተኛው 67 ገጾች የቀድሞ ሊቃውንት ሥዕሎች ይገኛሉ። ሦስተኛው 60 ገጾች ያሉት የከሰል መልመጃ ሲሆን በዚያ የሰው ገላ በንጹሕ መስመር ብቻ ተነድፏል። ተማሪው ቅርጹን አስቀድሞ በጥቂት ቀጥ ያሉ መስመሮች ይከባል፤ ቀጥሎ መስመሮቹን እንደ ሰውነቱ ያጥፋቸዋል፤ መጠኑ ትክክል መሆኑን በዓይኑ ለክቶ ካረጋገጠ በኋላ ጥላውንና ብርሃኑን ይለያል። ቶሎ ብሎ ዓይንና ቅንድብ ማሣመር የለም። እኛ የሰው ፊት ስንሥል ከዓይን ጀምረን አገጭ ሲደርስ ወረቀቱ እንደሚያልቅብን ይታወቃል፤ የባርግ ሥርዓት ይህን ነገር ከሥሩ የሚነቅል ነው።

ቪንሰንት በኩዌም የነበረው ክፍል ጠባብ፣ ብርሃኑም አነስተኛ ነበረ፤ የቤቱም ልጆች በዚያው ክፍል ይተኙ ነበር። በዚያ ሆኖ ከማለዳ እስከ ማታ በባርግ ገጾች ላይ ሠራ። 60ዎቹን የከሰል መልመጃዎች ጨረሰ፤ ከጨረሰም በኋላ እንደ ገና መለስ ብሎ ሠራቸው። ዳዊት እንደሚደግም ተማሪ ነበረ ብንል ማጋነን አይሆንም። ዘር የሚዘራውን የሚሌን ገበሬ በጥቂት ሳምንት ውስጥ አምስት ጊዜ ሣለው፤ ሁለቱን በትንሽ፣ ሦስቱን በትልቅ ወረቀት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። በእኛ ዘንድ መቅዳት የተነቀፈ ነገር ነው፤ በፈተና ጊዜ ከጓደኛው የቀዳ ዜሮ ያገኛል። በሥዕል ግን የሚቀዳ ሰው ሌላው ያሰበውን በእጁ ያስባል። ቫን ጎግን ያህል የራሱ መንገድ ያለው ሠዓሊ እምብዛም የለም፤ ሆኖም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲቀዳ ኖረ። ይህን የምንለው ከሌላ ሥዕል አይቶ መሥራት ስንፍና ነው የሚሉ ጓደኞች ስላሉን ነው።

እውነቱን ለመናገር በዚያ ጊዜ የሠራቸው ሥዕሎች የሚያምሩ አይደሉም። በበረዶ ላይ ወደ ሥራ የሚሄዱት ከሰል ቈፋሪዎች እንደ እንጨት ቀጥ ብለው የቆሙ ናቸው፤ እጃቸው ረዝሟል፤ እግራቸው መሬቱን የረገጠ አይመስልም። ያለ መምህር የሚማር ሰው ትልቁ ችግር ይኸው ነው። ስሕተቱ እንዳለ ይሰማዋል፤ የት ላይ እንዳለ የሚያሳየው ግን የለም። ቪንሰንት ለዚህ ያገኘው መድኃኒት ደብዳቤ ነበረ። የሠራውን፣ ያልሆነለትን፣ ያነበበውን መጽሐፍ፣ የሚጠቀምበትን የወረቀት ዓይነት ሳይቀር ለቴዎ ይጽፍለታል። በጽሑፉ መካከል በብዕር ትንሽ ሥዕል ይጨምርበታል። ቴዎ ሠዓሊ አልነበረም፤ በየቀኑ ብዙ ሥዕል የሚያልፍበት ነጋዴ ግን ስለ ነበረ ዓይኑ የሠለጠነ ነው። ቪንሰንት ለእርሱ ለማስረዳት ሲል ሥራውን ለራሱ መመርመር ነበረበት። ዛሬ በእጃችን ካሉት ቪንሰንት ከጻፋቸው 820 ያህል ደብዳቤዎች ከ650 የሚበልጡት ለቴዎ የተጻፉ ናቸው። ሰው የወንድማማች ፍቅር ብሎ ያነባቸዋል፤ እኛ ግን የአንድ ተማሪ ደብተሮችም ናቸው እንላለን።

በ1880 ኦክቶበር ወደ ብሩክሴል ተዛወረ። በዚያ አንቶን ቫን ራፓርድ ከሚባል ወጣት ሠዓሊ ጋር ተዋወቀ። በሥነ ጥበብ አካዳሚም ተመዘገበ፤ ቈይታው ግን አጭር ነበረ። ከባርግ ገጾች ጋር የሰውን አጥንትና ጡንቻ ከመጻሕፍት እያየ ይሥል ነበር። በዚያን ጊዜ የሚኖርበት ገንዘብ ከአባቱ የሚመጣ ይመስለው ነበር። በ1881 ወደ ወላጆቹ ቤት ወደ ኤተን በተመለሰ ጊዜ ግን ገንዘቡን የሚልክለት ቴዎ መሆኑን ከአባቱ ሰማ። ቴዎ ሳይናገር ሲከፍል ቆይቷል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ መጨረሻው ድረስ የክፍያው ነገር በሁለቱ መካከል እንደ ቁስል ሆኖ ኖረ። ወንድሙ በየወሩ ከሚያገኘው ደመወዝ በመጀመሪያ 100፣ በኋላም 150 ፍራንክ ይልክለታል፤ ቪንሰንትም ዕዳ ነው እያለ ይጨነቃል፤ አንዳንድ ጊዜም ገንዘቡ ዘገየ ብሎ ይቈጣል። በ1884 የሚሠራቸው ሥዕሎች ሁሉ በሚላከው ገንዘብ ምትክ የቴዎ ንብረት እንዲሆኑ ሐሳብ አቀረበ። የሚበላውን የሚለምን ሳይሆን ሠርቶ የሚበላ ሰው መሆን ፈልጎ ነው። ወላጆች ለልጆቻቸው የትምህርት ቤት ክፍያ በሚያወጡበት ጊዜ እኛም በልባችን ጥቂት እንዲህ ያለ ነገር ይሰማናልና ይህን ክፍል ሳንጽፈው ማለፍ አልወደድንም።

በ1881 መጨረሻ የአጎቱን ልጅ ያገባው አንቶን ሞቭ የተባለው የታወቀ ሠዓሊ በሔግ ለሦስት ሳምንት ያህል አስተማረው፤ የዘይትና የውሃ ቀለም አያያዝ ያሳየው እርሱ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ቪንሰንት እዚያው ሔግ መኖር ሲጀምር ግን ተጋጩ። ሞቭ ከጀሶ ቅርጽ እያየህ ሣል አለው፤ ቪንሰንት ከሕያው ሰው ካልሆነ አለ፤ ተቈጥቶም የጀሶውን እጅና እግር በከሰል መያዣው ውስጥ ሰባበረው። በወረቀት ላይ የታተመውን የጀሶ ሥዕል በትዕግሥት የቀዳ ሰው እውነተኛውን ጀሶ ለምን ጠላ? እኛ እንደምናስበው በሩቅ ያለ መምህር አይቈጣጠርም፤ ፊት ለፊት የሚቆም መምህር ግን ይቈጣጠራል። ቪንሰንት ከሁለተኛው ጋር መኖር አልቻለም። ይህ ጠባዩ ብዙ ነገር እንዳሳጣው መካድ አይገባም፤ ሞቭ ደግ ሰው ነበረ፤ ጓደኝነቱም ይጠቅመው ነበር።

ሞቭ ሲርቀው ወደ መጻሕፍት ተመለሰ። ካሳኝ የሚባል ፈረንሣዊ የሥዕልን ሥርዓት ከፊደል ጀምሮ የሚያስተምር መጽሐፍ ጽፎ ነበር፤ ቅርቡ ትልቅ ሩቁ ትንሽ ሆኖ የሚታይበትን ሥርዓት ቪንሰንት ከእርሱ አጠና። በ1882 በጋም አንድ መሣሪያ አሠራ። መሣሪያው መስኮት የሚመስል ባለ አራት ማዕዘን ክፈፍ ነው፤ በመካከሉ ክሮች ቁልቁልና አግድም፣ ከማዕዘን ወደ ማዕዘንም ተወጥረውበታል። ክፈፉ በሁለት እንጨቶች ላይ ይታሰራል፤ ብረት ሠሪው የእንጨቶቹን ጫፍ በአሸዋ ላይ እንዲተከሉ ሹል ብረት አደረገባቸው። ሠዓሊው በክሮቹ መካከል አሻግሮ ባሕሩን፣ ጀልባውን፣ የቤቱን ጣራ ሲያይ እያንዳንዱ ነገር ከየትኛው ክር ላይ እንደሚያርፍ ይታወቀዋል፤ በወረቀቱም ላይ እንዲሁ መስመር አስምሮ ያስቀምጠዋል። እንዲህ ያለ መሣሪያ እርሱ የፈጠረው አይደለም፤ የጥንት ሠዓሊዎችም ያውቁታል። ወጪው ቀላል ስለ ሆነ ማናችንም ከአናጢ ዘንድ ልናሠራው እንችላለን።

በሔግ ሳለ የእንግሊዝ የሥዕል ጋዜጦችን ይሰበስብ ነበር። ግራፊክ ከሚባለው ጋዜጣ ከ1870 እስከ 1880 የወጣውን በ21 ጥራዞች ገዛ፤ ድኾችን፣ ሠራተኞችንና መርከበኞችን የሚያሳዩትን ገጾች እየቈረጠ በወረቀት ላይ ለጠፋቸው። በድኅነት የሚኖር ሰው ለጋዜጣ ገንዘብ ማውጣቱ ለጎረቤቱ ዕብደት መስሎ ሳይታይ አልቀረም።

በ1883 መጨረሻ ወላጆቹ ወደሚኖሩበት ወደ ኑነን መንደር ሄደና ሁለት ዓመት ያህል ተቀመጠ። በዚያ ያጠናው የሰው ቅርጽን ብቻ አልነበረም። ሻርል ብላን የተባለው ጸሐፊ ስለ ቀለም ሕግና ስለ ሠዓሊው ደላክሯ የጻፈውን አነበበ። ቀይ በአረንጓዴ፣ ሰማያዊ በብርቱካን፣ ቢጫ በሐምራዊ አጠገብ ሲቀመጥ አንዱ ሌላውን እንደሚያደምቀው ከመጽሐፍ ተማረ። ይህን በሸራ ላይ ብቻ መሞከር ቀለም ያስጨርሳል። ስለዚህ ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸውን የሱፍ ክሮች አንዱን ከሌላው ጋር አጣምሮ እየጠቀለለ ተመለከተ። 16 ልቃቂት ክር ያለባት ቀይ ሣጥን ዛሬም በአምስተርዳም በስሙ በተሠራው ቤተ መዘክር ትገኛለች። በቋንቋችን ቀለም ማለት ትምህርትም ነው፤ በኑነን ሸማኔዎች መካከል ተቀምጦ ክር የሚያጠነጥነውን ይህን ሰው ቀለም ቈጣሪ ብለን ብንጠራው በሁለቱም በኩል ያስኬዳል።

በ1884 መጨረሻና በ1885 መጀመሪያ 40 ያህል የገበሬዎች ፊት ሣለ። ከዚያም በአፕሪልና በሜይ ወር በማታ መብራት ሥር ድንች የሚበሉ አምስት ሰዎችን በትልቅ ሸራ ላይ አወጣ፤ ይህም ድንች ተመጋቢዎቹ የሚባለው ሥዕል ነው። በዚሁ ጊዜ፣ በማርች ወር፣ አባቱ በድንገት ሞተው ነበር። የሥዕሉን ኅትመት ለወዳጁ ለቫን ራፓርድ በፖስታ በላከለት ጊዜ ያ ሰው እጆቹ ልክ አይደሉም፣ አካሉ በደንብ አልታየም፣ ሥራው ችላ ተብሎ የተሠራ ነው ብሎ ክፉኛ ነቀፈው። ቪንሰንት ደብዳቤውን መልሶ ላከለት። አምስት ዓመት የቆየው ወዳጅነታቸውም በዚህ ምክንያት ተቋረጠ። በሩቅ የሚጻፍ ነቀፌታ ፊት ስለማያሳይ ከቃል ይልቅ ይጎዳል። ቢሆንም ቫን ራፓርድ ስለ እጆቹ የተናገረው ፈጽሞ ሐሰት ነው ለማለት አንደፍርም፤ ቪንሰንትም ከዚያ ወዲያ በበጋው ሙሉ እጅና የሚያጎነብስ ገበሬ ሲሥል መክረሙ ነገሩ እንደ ገባው የሚያሳይ ይመስለናል።

በዚህ ዘመን እርሱ ራሱ አስተማሪ እንደ ሆነ የሚያውቁ ጥቂቶች ናቸው። በአቅራቢያው ባለችው በአይንድሆቨን ከተማ የሚኖሩ ሥዕል የሚወዱ ሰዎች፣ ከመካከላቸውም አንድ ቆዳ ፋቂና አንድ ወርቅ ሠሪ፣ ከእርሱ ዘንድ ይማሩ ነበር።

በ1886 መጀመሪያ በቤልጅግ አገር በአንትወርፕ አካዳሚ ገባ። ዕድሜው 32 ዓመት ነበረ። ከመምህራኑ ጋር ወዲያው ተጣላ። በትምህርቱ ማለቂያ መምህራኑ ተሰብስበው ወደ ጀማሪዎች ክፍል እንዲወርድ ፈረዱበት፤ ነገር ግን ፍርዱ ሲሰጥ እርሱ አስቀድሞ ወደ ፓሪስ ሄዶ ነበር። ድንች ተመጋቢዎቹን የሣለ ሰው ከጀማሪዎች ጋር እንዲቀመጥ መወሰኑ ዛሬ ያስቃል፤ በዚያ ቀን ግን ማንም የሳቀ አይመስለንም።

በፓሪስ ከቴዎ ጋር በአንድ ቤት ሁለት ዓመት ኖረ። በኮርሞን የሥዕል ቤት ለጥቂት ወራት ተማረ፤ ኤሚል ቤርናርንና ቱሉዝ ሎትሬክን የመሰሉ ወጣት ሠዓሊዎችንም ተዋወቀ። የሥዕሉ ጥቁረት የለቀቀው፣ ቀለሙ የበራው በዚያ ነው። ሆኖም ስለዚህ ዘመን ከሌላው ያነሰ እናውቃለን። ምክንያቱም ወንድማማቾቹ አብረው ስለ ኖሩ መጻጻፍ አላስፈለጋቸውም። ደስ ባላቸው ጊዜ ታሪክ ዝም አለ።

በ1888 ፌብሩዋሪ ወደ ደቡብ ፈረንሣይ ወደ አርል ወረደ፤ ፖስታውም እንደ ገና ሥራውን ጀመረ። አሁን ግን ነገሩ ተገላብጧል። ቀድሞ ከፓሪስ የሥዕል ወረቀት ይመጣለት ነበር፤ አሁን እርሱ የደረቁ ሸራዎችን ጠቅልሎ በባቡር ወደ ፓሪስ ይልካል፤ ከፓሪስ የሚመጣለት ቀለምና ሸራ ነው። የሱፍ አበባዎቹ፣ የፍሬ ዛፎቹ፣ የስንዴው ማሳ በዚህ መንገድ ሄዱ። ሥራው ለቴዎ ከመድረሱ በፊት በሸንበቆ ብዕር ነድፎ በደብዳቤ ያሳየዋል። በዓመቱ መጨረሻ ሠዓሊው ጎጋን አብሮት ለሁለት ወር ያህል ሰንብቶ ሲጣሉ የሆነውን ሁሉ አንባቢ ያውቀዋል።

በ1889 ሜይ በሳን ሬሚ ወደሚገኘው የአእምሮ ሕሙማን ቤት በፈቃዱ ገባ። በሽታው ሲበረታበት ወደ ውጭ ለመውጣት አይችልም፤ አቁመው የሚሥሉት ሰውም የለም። በዚያን ጊዜ ያደረገውን ስናነብ እጅግ ተደነቅን። በኩዌም የቀዳቸውን የሚሌን ገበሬዎች አውጥቶ በዘይት ቀለም ይሠራቸው ጀመር። ኅትመቶቹ ጥቁርና ነጭ ስለ ሆኑ ቀለሙን የሚጨምረው እርሱ ነው፤ የሌላ ሰው ዜማ በራሱ መሣሪያ እንደሚጫወት ሙዚቀኛ መሆኑንም ለቴዎ ጻፈለት። ከዘጠኝ ዓመት በፊት በከሰል የታገላት አጫጅ አሁን በሰማያዊና በቢጫ ተነሥታ ቆመች።

በ1890 ጃንዋሪ ቴዎ ወንድ ልጅ ወለደ፤ ስሙንም ቪንሰንት አለው። ለሕፃኑ ያበበ የለውዝ ቅርንጫፍ በሰማያዊ ሰማይ ላይ ሣለለት። በዚሁ ሰሞን በብሩክሴል በተደረገው ትርኢት ቀዩ የወይን ቦታ የሚባለውን ሥዕል አና ቦክ የምትባል ሠዓሊ በ400 ፍራንክ ገዛችው።

በሜይ ወር ከፓሪስ ብዙ ወደማትርቀው ወደ ኦቬር መንደር መጣ። በዚያም ቀን ሳያጎድል ይሠራ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ደብዳቤዎች በአንዱ ለቴዎ ያቀረበለትን ልመና እዚህ መጻፍ ይገባናል። የባርግን የከሰል መልመጃዎች፣ እነዚያን 60 ገጾች፣ እንዲልክለት ጠየቀው። የሰውን ገላ መጠን ማጥናት ችላ ካለ እጁ እንደሚበላሽበት ስለ ፈራ ሁሉንም እንደ ገና ሊቀዳቸው አስቦ ነው። ይህን የጠየቀው 860 ያህል የዘይት ቀለም ሥዕሎችንና ከ1000 የማያንሱ ንድፎችን በዐሥር ዓመት ውስጥ ለመጨረስ ሁለት ወር የቀረው ሰው ነው።

ጁላይ 27 ቀን 1890 ራሱን በጥይት አቆሰለ፤ ቴዎ ከፓሪስ ደርሶ አጠገቡ ተቀምጦ ሳለ በ29ኛው ቀን በ37 ዓመቱ ዐረፈ። ቴዎም ከስድስት ወር በኋላ፣ ጃንዋሪ 25 ቀን 1891፣ በሆላንድ አገር ሞተ። ደብዳቤዎቹን ጠብቃ ያቆየች የቴዎ ሚስት ዮሐና ናት። ሕፃን ልጅዋን እያሳደገች አንድ በአንድ በየዘመናቸው አስተካክላ በ1914 በመጽሐፍ አሳተመቻቸው። በዚያው ዓመት የባልዋን ዐፅም ከሆላንድ አስወጥታ ወደ ኦቬር አመጣችና ከወንድሙ ጎን አስቀበረችው።